አባት በገበያ፣ ልጅ በጦር ሜዳ

በ304 ዓ.ም. (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) በሰሜን ቻይና፣ ዳንግዪን በሚባል ቦታ የንጉሠ ነገሥቱ ሠራዊት ተፈታ። የወጋው የባዕድ ጦር አልነበረም። የገዛ ዘመዶቹ፣ የአንድ ቤት መሳፍንት ነበሩ እርስ በርስ የሚፋጁት፤ የታሪክ መጻሕፍት «የስምንቱ መሳፍንት ጦርነት» ይሉታል። ንጉሡ ኹይ በአስተሳሰቡ ደካማ መሆኑ የታወቀ፣ ማንም እየጎተተ የሚወስደው ሰው ነበር። ቀስት ሲዘንብ ሹማምንቱና ጠባቂዎቹ እግሬ አውጪኝ አሉ። አንድ ሰው ቀረ። የሹመት ልብሱን በወጉ እንደለበሰ ንጉሡን በገላው ከለለው፤ እዚያው ገደሉት። ደሙ የንጉሡ ልብስ ላይ ተረጨ። በኋላ አሽከሮቹ ልብሱን ሊያጥቡ ሲነሱ፣ ያ ሞኝ የሚባለው ንጉሥ የዚያ ሰው ደም እንዳይታጠብ ከለከለ ይባላል።

የሟቹ ስም ጂ ሻኦ ነው። ከዚያ ቀን አርባ ዓመት ያህል ቀደም ብሎ፣ በዋና ከተማዋ በሉዎያንግ ምሥራቃዊ ገበያ፣ አባቱ ጂ ካንግ በአደባባይ ተገድሏል። ያስገደለው ሲማ ጃኦ ነው። ልጁ የሞተለት ንጉሥ ደግሞ የሲማ ጃኦ የልጅ ልጅ ነው።

አባት ለዚያ ቤት አልገዛም ብሎ ሞተ። ልጅ ለዚያው ቤት ሞተ። ቻይናውያን በዚህ ነገር ከአንድ ሺህ ዓመት በላይ ተከራክረዋል።

ስለ ቻይና ጥንታዊ አስተሳሰብ የሚጻፉ ጽሑፎች ብዙ ጊዜ ነገሩን በሁለት ዓምድ ይከፍሉታል። በአንደኛው ኮንፊሺየስ፦ ሥርዓት፣ ቤተሰብ፣ ሹመት፣ ኃላፊነት። በሌላኛው ላኦዚ፦ ተፈጥሮ፣ ዝምታ፣ ተራራ፣ ነፃነት። ለፈተና ለሚያጠና ተማሪ ይሄ ይበቃዋል። ሰው ግን በዓምድ ተከፍሎ አይኖርም። ሁለቱ ሐሳቦች ምን እንደሚጠይቁና ምን እንደሚያስከፍሉ ማየት የሚፈልግ ሰው ወደ አንድ ቤት ቢገባ ይሻለዋል፤ እኔም የጂ ካንግን ቤት መርጫለሁ።

ሥርዓት የሚሠራው ሰው

ኮንፊሺየስ ከክርስቶስ ልደት በፊት ከ551 እስከ 479 የኖረ፣ የዛሬዋ ሻንዶንግ ውስጥ የነበረችው የሉ መንግሥት ተወላጅ ነው። ዘመኑ የጆው ነገሥታት ስማቸው ብቻ የቀረበት፣ መሳፍንት የሚባሉበት ነበር። እሱን ያስጨነቀው ጥያቄ የሰማይ ምሥጢር ሳይሆን ሰው ከሰው ጋር እንዴት ይኑር የሚለው ነው። መልሱን ከቤት ይጀምራል። አባቱን ማክበር የለመደ ልጅ፣ ታናሹን መጠበቅ የለመደ ወንድም፣ አድጎ አገር ውስጥ ሲገባ ያንኑ ይዞ ይገባል። ትልቁ ቃሉ «ሬን» ነው። ፊደሉ «ሰው» እና «ሁለት» የሚሉ ምልክቶች የተጣመሩበት ነው፤ ለብቻው የሚኖር ሰው ሬን አለው ማለት አይቻልም ማለት ይመስላል።

ሬን የሚገለጸው በ«ሊ»፣ በሥርዓት ነው። ሰላምታ፣ አቀማመጥ፣ መሥዋዕት፣ ለቅሶ፤ ለሁሉም ወግ አለው። እኛ ይሉኝታ የምንለው አንዱን ጎኑን ይነካል፣ ግን አይበቃም። ይሉኝታ ሰው ምን ይለኛል ነው፤ ሊ ግን ማንም ባያይም ልብን የሚገራ ልምምድ መሆን አለበት። ለወላጅ የሚለቀሰው ሦስት ዓመት ነው (በተግባር ከ25 እስከ 27 ወር)። አንድ ደቀ መዝሙሩ ይሄ በዛ፣ አንድ ዓመት ይበቃል ብሎ ሲከራከረው፣ መምህሩ ሕፃን ከወላጆቹ እቅፍ እስኪወርድ ሦስት ዓመት እንደሚፈጅ አስታውሶታል። ሥርዓቱ ከባድ የሆነው ውለታው ከባድ ስለሆነ ነው።

ስለዚህ የተማረ ሰው አገር ሲፈልገው ሹመት መቀበል ግዴታው ነው። ብዙዎች የሚዘነጉት ግን አንድ ነገር አለ፦ ኮንፊሺየስ መንግሥት መንገዱን ሲስት ደመወዝ መብላት ነውር መሆኑንም አስተምሯል። እሱ ራሱ ከሉ ወጥቶ ለዓመታት የሚሰማው ገዢ ፍለጋ ተንከራቷል። በዚያ ጉዞ ደቀ መዝሙሩ ወንዝ መሻገሪያ ሊጠይቅ ሁለት አራሾች ዘንድ ይሄዳል። አራሾቹ መናኞች ናቸው፤ ዓለሙ ሁሉ በጎርፍ እየተወሰደ ማን ሊመልሰው ነው፣ ዓለምን ከሸሹት ጋር መሆን ይሻላል ብለው ማረሳቸውን ይቀጥላሉ። ኮንፊሺየስ ይሄን ሲሰማ አዘነ። ከሰው ሌላ አብሮት የሚኖር ዘመድ እንደሌለው ነበር ምላሹ።

የማይነካካ እጅ

ላኦዚ የሚባለው ሰው በእርግጥ ይኑር አይኑር አከራካሪ ነው። መጽሐፉ ግን አለ፤ አምስት ሺህ ያህል ፊደል፣ 81 አጫጭር ምዕራፎች። የመጽሐፉ ትልቅ ሐሳብ «ዉ ዌይ» ይባላል። ቃል በቃል «አለመሥራት» ቢሆንም ስንፍና ማለት አይደለም። ያለ ግፊት፣ ያለ ጉልበት፣ ነገሩ በራሱ ተፈጥሮ እንዲሄድ መተው ነው፤ ውኃ ዝቅ እያለ ድንጋይ እንደሚቦረቡር። ለገዢ ምክሩ፦ ሕግ አታብዛ፣ ሕዝቡን አትነካካ። የሚመኘው አገር ትንሽ ነው፤ ሰው ጎረቤት መንደር ዶሮ ሲጮህ እየሰማ፣ ሳይሄድበት አርጅቶ የሚሞትበት አገር።

ኮንፊሺየስን የሚነካው ወቀሳ ግን ሌላ ነው። ላኦዚ እንደሚለው ስለ በጎነትና ስለ ታማኝነት ብዙ ማውራት የሚጀመረው ነገሮቹ ከጠፉ በኋላ ነው። ጤነኛ ሰው ስለ ጤናው አያወራም። በአንድ ቤት ስለ አባት አክብሮት ስብከት ከበዛ፣ እዚያ ቤት የተበላሸ ነገር አለ።

ከሱ በኋላ የመጣው፣ በአራተኛው መቶ ዓመት ቅድመ ልደት የኖረው ጁዋንግዚ ይሄንኑ በተረትና በሣቅ ያወራዋል። የቹ መንግሥት ከፍተኛ ሹመት ይዘው ሲመጡበት፣ ሞታ ቤተ መቅደስ ውስጥ ከምትከበር ኤሊና ጭቃ ውስጥ ጅራቷን እየጎተተች ከምትኖር ኤሊ የቱ ይሻላል ብሎ ጠየቃቸው። እሱ ጭቃውን መረጠ። ሚስቱ ስትሞት ለቅሶ ሊደርስ የመጣ ወዳጁ ቆሬ እየመታ ሲዘፍን አገኘው።

እነዚህ ሁለቱ ከጥንት ጀምረው ጠላቶች ነበሩ ማለት ግን አይደለም። በ1993 ሁቤይ ውስጥ ጉዎዲያን ከሚባል ቦታ፣ ከክርስቶስ ልደት በፊት 300 ገደማ ከተዘጋ መቃብር፣ በቀርከሃ ላይ የተጻፉ መጻሕፍት ወጡ። የላኦዚ ክፍሎችና የኮንፊሺየስ ተከታዮች ጽሑፎች እዚያው አንድ መቃብር ውስጥ አብረው ተቀምጠው ነበር። ዛሬ በምናውቀው ላኦዚ ውስጥ ሬንን በስሙ ጠርቶ ጣሉት የሚለው ምዕራፍ፣ በቀርከሃው ላይ ሬንን አይነካም፤ የሚነቅፈው ማታለልን ነው። ጠቡ እንግዲህ በኋላ የተሳለ ነው።

ቃል መሣሪያ ሲሆን

በሃን ሥርወ መንግሥት፣ ከ136 ቅድመ ልደት ወዲህ፣ የኮንፊሺየስ ትምህርት የመንግሥት ትምህርት ሆነ። ወላጁን በማክበሩ የተመሰገነ ሰው ለሹመት ይታጭ ጀመር። በጎነት እንጀራ ሲያበላ ምን እንደሚከተል መገመት አያቅትም።

ሃን በ220 ወደቀ፣ በሰሜን የጻኦ ቤት የዌይን መንግሥት አቆመ። በ249 ደግሞ የዌይ አዛውንት ጦር አዛዥ ሲማ ዪ በአንድ ቀን ዋና ከተማዋን ይዞ ሥልጣኑን ለራሱ ቤት አደረገ። ንጉሡ ከጻኦ ቤት፣ ጉልበቱ ከሲማ ቤት ሆነ። በ260 ወጣቱ ንጉሥ ጻኦ ማኦ ይሄን መታገሥ አቅቶት፣ ከቤተ መንግሥቱ ጥቂት አሽከሮች ጋር ሠረገላ ላይ ወጥቶ ሊዋጋ ሄደ። የሲማ ጃኦ ሰዎች በጦር ወግተው ገደሉት። ከዚያ በእቴጌዪቱ ስም አዋጅ ወጣ፦ ሟቹ ንጉሥ እናቱን የማያከብር፣ በእሷም ላይ ያሴረ ልጅ ነበር ተባለ።

ይቺን ነጥብ ያዙልኝ። የሲማ ቤት ስለ ታማኝነት መስበክ አይችልም ነበር፤ ጌታውን የገደለ ስለ ጌታ አክብሮት ምን አፍ አለው? ስለዚህ የሰበከው ወላጅን ስለ ማክበር ነው። በእኛ አገር ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ ይባላል። እዚያ ግን የሞተ ንጉሥ እንኳ በወላጅ ክብር ስም ተከሰሰ።

ቀጥቃጩ

በዚህ ዘመን ከሉዎያንግ ወጣ ብሎ በሻንያንግ ጂ ካንግ ይኖር ነበር። ቁመናው ያማረ፣ ቺን የሚባለውን በገና መሰል መሣሪያ በመደርደር የተደነቀ፣ ከጻኦ ቤት ልዕልት ያገባ ሰው ነው። ዕድሜን ስለ መንከባከብ፣ ስለ ሙዚቃና ስለ ስሜት ድርሳኖች ጽፏል። ላኦዚንና ጁዋንግዚን መምህሮቼ ይል ነበር። አብረውት የሚጠጡትና የሚጨዋወቱት ወዳጆቹ በኋላ «የቀርከሃው ጫካ ሰባቱ ጠቢባን» ተባሉ። በ1960 ናንጂንግ አጠገብ በተቆፈረ መቃብር ግድግዳ ላይ ሰባቱም በጡብ ተቀርጸው ተገኝተዋል፤ ጂ ካንግ ባዶ እግሩን ዛፍ ሥር ተቀምጦ ቺን ይመታል።

የሚወደው ሌላ ሥራ ብረት መቀጥቀጥ ነው። ከዛፍ ሥር ይቀጠቅጣል፣ ወዳጁ ሺያንግ ሹ ወናፍ ይነፋለታል። አንድ ቀን ዦንግ ኹይ የሚባል፣ የሲማ ጃኦ ባለሟል የሆነ ጎበዝ ወጣት፣ ከብዙ አጃቢ ጋር ሊያየው መጣ። ጂ ካንግ ቀና ሳይል መዶሻውን ማንሳት መጣሉን ቀጠለ። እንግዳው ቆሞ ቆሞ ሄደ። ያቺን ቀን አልረሳትም።

ከጠቢባኑ አንዱ ሻን ታኦ ነው። በዕድሜ ይበልጣቸዋል፣ ከሲማ ቤት ጋር በጋብቻ ይዛመዳል፤ አመንትቶ አመንትቶ በመጨረሻ ሹመት ተቀበለ። ከነበረበት ቦታ ሲነሣ በምትኩ ጂ ካንግ እንዲሾም ሐሳብ አቀረበ። ወዳጁን ከአደጋ ለማዳን ፈልጎ ሊሆን ይችላል። ጂ ካንግ በደብዳቤ መለሰለት፤ ደብዳቤው ወዳጅነታችን አበቃ የሚል ነው።

በሹመት የማይቻለኝ ሰባት ነገር አለ ብሎ ይዘረዝራል። ማለዳ መነሣት አልወድም፤ ዘበኛ እየመጣ ይቀሰቅሰኛል። ቺኔን ይዤ መዞር፣ ዓሣ ማጥመድ እወዳለሁ፤ አጃቢ እየተከተለኝ እንዴት ይሆናል? ገላዬ ቅማል ሞልቶ እያሳከከኝ፣ የሹመት ልብስ አጥልቄ እጅ መንሳት አልችልም። ደብዳቤ መጻፍ አልወድም፤ ለቅሶ መድረስ አልወድም፤ ከማይመቹኝ ሰዎች ጋር መቀመጥ አልወድም፤ የቢሮ ጉዳይ ያሰለቸኛል። ቀልድ ይመስላል። ከዚያ ቀጥሎ ግን ቀልድ ያልሆነው ይመጣል፦ ጥንታዊ ሥርወ መንግሥትን ገልብጠው የተመሰገኑትን ነገሥታት እንደሚነቅፍ፣ ኮንፊሺየስንም እንደማይቀበል ይጽፋል። የሲማ ቤት መንግሥት ለመገልበጥ እየተዘጋጀ፣ እነዚያኑ ነገሥታት ምሳሌ አድርጎ እየጠቀሰ ነበር። መልእክቱ ለማን እንደሆነ ያልገባው የለም።

የተያዘበት ምክንያት

የተያዘው ግን በደብዳቤው አይደለም። ሉ አን የሚባል ወዳጅ ነበረው። የሉ አን ታላቅ ወንድም የሉ አንን ሚስት ደፈረ። ሉ አን ሊከስ ተነሣ፤ ጂ ካንግ የቤተሰቡ ስም እንዳይጠፋ ብሎ አሸማገላቸው፣ ወንድምየውም ነገሩ እንዲቀር ቃል ገባ። ከዚያ ዞሮ ራሱ ከሰሰ፦ ሉ አን እናቱን ይመታል፣ ወላጅ አያከብርም ብሎ። ሟቹ ንጉሥ የተከሰሰበት ያው ክስ ነው። ወንድምየው ባለሟል ስለሆነ ክሱ ተሰማ።

ጂ ካንግ ዝም ማለት ይችል ነበር። ላኦዚን ያነበበ፣ ዕድሜን ስለ መንከባከብ ድርሳን የጻፈ ሰው ምን አግብቶት? ግን ሽምግልናው የሱ ነበር፣ ወዳጁ በቃሉ አምኖ ነበር ክሱን የተወው። ሄዶ መሰከረለት። እሱም ታሰረ። ዦንግ ኹይ ለሲማ ጃኦ ይሄ ሰው እያለ አገር አይረጋጋም የሚል ምክር አቀረበ። ከመንግሥቱ አካዳሚ ሦስት ሺህ ተማሪዎች መምህራችን ይሁን ብለው አመለከቱ ይባላል፤ አልተሰማም። ምናልባትም ልመናው ራሱ ጎድቶት ይሆናል፤ ሦስት ሺህ ሰው የሚከተለው ሰው ለባለጊዜ አያስተኛም።

በ262 ገደማ፣ በአርባ ዓመቱ፣ ገበያው ውስጥ ጥላውን አይቶ ጊዜ እንዳለው ከገመተ በኋላ ቺኑን አስመጥቶ ጓንግሊንግ የሚባለውን ዜማ መታ። ዜማው ከሱ ጋር እንደሚጠፋ ተናግሮ ሞተ። (በዚህ ስም የሚጠራ ዜማ በ1425 በተዘጋጀ የቺን መድብል ውስጥ ተጽፎ ይገኛል፤ በሃያኛው መቶ ዓመት ጓን ፒንግኹ የሚባል ባለሙያ እንደገና አስነሥቶታል።)

እንግዲህ ይሄ ሰው በየትኛው ዓምድ ይግባ? ኮንፊሺየስን አልቀበልም አለ። የሞተው ግን ወዳጁን ባለመክዳቱ፣ የሰጠውን ቃል በመጠበቁ ነው። ኮንፊሺየስን በየአዋጁ የሚጠቅሱት ደግሞ ወንድሙን የበደለውን ትተው የተበደለውን ገደሉ።

ለልጅ የተተወው

ጂ ካንግ ሲሞት ልጁ አሥር ዓመት ቢሆነው ነው። ለሱ የጻፈለት ምክር እስከ ዛሬ አለ። የሚያነበው ሰው ደራሲውን ማመን ያቅተዋል። ሹም ቤት አታዘውትር፣ ደጅ ስትጠና አትታይ፤ ከሄድክም ብቻህን ኋላ አትቅር፣ አትደር። ሰዎች መጠጥ ላይ መከራከር ሲጀምሩ ተነሥተህ ውጣ፤ ከቆየህ ማን ልክ ነው ተብለህ ትጠየቃለህ። ሰው በግድ ጠጣ ካለህ በደህና ቃል ተቀበል። አፍህን ጠብቅ። ባለሟል ቆሞ ሲጠብቀው ብረት የቀጠቀጠው ሰው ነው ይሄን የሚመክረው።

ከዚህ የሚደንቀው ሌላው ነው። ልጁን አደራ የሰጠው በደብዳቤ ለጣለው ለሻን ታኦ ነበር። ሻን ታኦ እያለ አባት እንዳላጣ ለልጁ ነገረው ይባላል። ያ ደብዳቤ እንግዲህ ወዳጅነትን ለመግደል አልተጻፈም ማለት ነው። ምናልባት ሲማ ጃኦ እንዲያነበው የተጻፈ ነው፤ ምናልባትም ሻን ታኦን ከራሱ መዘዝ ለማራቅ።

ሻን ታኦ አደራውን አልበላም። ሲማዎች የዌይን ዙፋን ወስደው ጂን የተባለውን ሥርወ መንግሥት ካቆሙ በኋላ፣ ሃያ ዓመት ያህል እናቱ ጋር ተደብቆ የኖረውን ጂ ሻኦን ለቤተ መንግሥት ቤተ መጻሕፍት ሹመት አቀረበው። የአባት ዕዳ ለልጅ አይተላለፍም ብሎ ለንጉሡ ተሟገተለት። ወጣቱ ግን አመነታ፤ ሻን ታኦን መጥቶ ጠየቀው። ሽማግሌው ሰማይና ምድር እንኳ ወቅት እየጠበቁ እንደሚለዋወጡ፣ ሰውማ እንዴት አይለወጥ ብሎ መለሰለት። ልብ በሉ፤ ኮንፊሺየሳዊ ሥራ እንዲይዝ የገፋው የላኦዚን የሚመስል ክርክር ነው።

ጂ ሻኦ ሥራውን ያዘ፤ ከያዘው በኋላ ግማሽ ልብ አልነበረውም። በዳንግዪን ሁሉም ሲሸሽ እሱ ያልሸሸው ለዚህ ነው።

ማን ይፍረድ?

የጂን ሥርወ መንግሥት ታሪክ በ648 ሲጠናቀቅ ጂ ሻኦን «ታማኞች» በሚለው ምዕራፍ መጀመሪያ ላይ አስቀመጠው። ሞንጎሎች የሶንግን መንግሥት ሲገለብጡ አልገዛም ብሎ በ1283 የተገደለው ሚኒስትር ዌን ቲየንሺያንግ፣ እስር ቤት በጻፈው ዝነኛ ግጥም የጂ ሻኦን ደም ከጀግኖች ሥራ ጋር ቆጥሮታል።

ጉ ያንዉ ግን አልተስማማም። ይሄ ምሁር (1613–1682) ማንቹዎች ቻይናን ሲይዙ ያሳደገችው እናቱ ምግብ ትታ የሞተች፣ ለአዲሱ መንግሥት እንዳያገለግልም አደራ ያለችው ሰው ነው። ለሱ የሻን ታኦ ምላሽ መርዝ ነው። ሥርወ መንግሥት መውደቁ የንጉሡና የሹማምንቱ ጉዳይ ነው፤ ሰው የአባቱን ገዳይ እንዲያገለግል ማባበል ግን የሰውነት መሠረት መፍረስ ነው ይላል። ጉ ያንዉ ከጂ ሻኦ ጋር የሚያነጻጽረው ዋንግ ፖውን ነው። የዋንግ ፖውም አባት በሲማ ጃኦ ተገድሏል። ልጁ ግን ዕድሜውን ሙሉ ሹመት አልተቀበለም፤ ቤተ መንግሥቱ ወዳለበት ወደ ምዕራብ ዞሮ እንኳ አልተቀመጠም፤ ከአባቱ መቃብር አጠገብ እያስተማረ ኖረ። እሱ የላኦዚ መናኝ አልነበረም። እምቢታው ከኮንፊሺየስ የመጣ ነው።

በ1927 ደራሲው ሉ ሹን ጓንግጆው ውስጥ ስለዚህ ዘመን ንግግር አደረገ። ቻይና ራሷ በዚያ ዓመት ደም ላይ ነበረች። የጂ ካንግን ሥራዎች ለዓመታት በእጁ እየገለበጠ ሲያርም የኖረው ሉ ሹን፣ ያንን ለልጅ የተጻፈ ምክር አንሥቶ አንድ ነገር ተናገረ፦ ሥርዓትን አፍራሽ የተባሉት እነ ጂ ካንግ፣ ሥርዓትን ከሁሉ በላይ ያምኑበት ነበር። ያመኑበት ነገር የገዳዮች ጌጥ ሲሆን ቢያዩ ጊዜ ጣሉት። ከጠቢባኑ አንዱ ሩዋን ጂ፣ እናቱ ስትሞት ሥጋ በልቶ፣ ወይን ጠጥቶ የለቅሶን ወግ ጣሰ፤ ከዚያ ሲጮህ ደም አስታወከ።

የሉ ሹን ንባብ ትክክል ይመስለኛል፣ ግን ሁሉንም አይዘጋውም። ምክንያቱም ልጁ አለ። ጂ ሻኦን ከሐዲ ለማለት ያስቸግራል፤ ባዶ ሎሌ ለማለትም ያስቸግራል። አባቱ ለልጁ የተመኘለት እንደ ሰው ሁሉ ተጠንቅቆ መኖርን ነበር፤ ለዚያም ከመንግሥት ጋር መታረቅ ያስፈልግ ነበር። ዋንግ ፖው ንጹሕ ሆኖ ኖረ፤ የዋንግ ፖው አባት ግን ልጁን ለሻን ታኦ አደራ አልሰጠም።

ላኦዚ ለገዢ «አትነካካ» ሲል ጥሩ ምክር ይሰጣል፤ የሚነካካ ገዢ በር ላይ ሲመጣ ግን ለተነካው ሰው የሚለው ትንሽ ነው። ጂ ካንግ ያን ቀን መመስከር እንዳለበት ያወቀው ከላኦዚ አልነበረም። ኮንፊሺየስ ለዚያ ቀን መልስ አለው፤ የሱ ችግር ግን ቃሎቹን ማንም አንሥቶ ሊለብሳቸው መቻሉ ነው፤ የሲማ ቤትም ለብሷቸዋል። አንዱ ሌላውን የሚጠብቀው እዚህ ላይ ነው። ላኦዚ ማን ስለ በጎነት እንደሚጮህ ተመልከት ይላል፤ ኮንፊሺየስ ደግሞ ተመልክተህ ስታበቃ ወዳጅህ ታስሯል፣ ተነሥ ይላል።

ስለ ሁለቱ ትምህርቶች ሳስብ ወደ ራሴ የሚመጣው ጂ ካንግም ጂ ሻኦም አይደለም፤ ሻን ታኦ ነው። በወዳጁ በአደባባይ ተሰድቦ፣ ዝም ብሎ፣ ሃያ ዓመት ቆይቶ አደራውን ያወጣው ሽማግሌ። አደራውን በማውጣቱም ልጁን ወደ ዳንግዪን የሚወስደውን መንገድ ከፈተለት። ሻን ታኦ በ283 ስለሞተ ያንን ቀን አላየም።